ጳጉሜን የማያውቀው ኮምፒውተር

ይህ የሆነው በ2002 ዓ.ም. ሰኔ ላይ፣ ጅማ ውስጥ ነው። የምረቃ ሰሞን በመጣ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ሳልመረቅ ሊያስቀረኝ የነበረውም፣ ያዳነኝም አንድ ሰው ስለሆነ።

ያኔ የኮምፒውተር ሳይንስ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። የመመረቂያ ሥራዬ ሲሙሌተር ላይ ነበር። ሲሙሌተር ማለት ገና ያልተሠራ ኮምፒውተር ቢሠራ እንዴት እንደሚሆን አስመስሎ የሚያሳይ ፕሮግራም ነው። የእኔው በነፃ የሚገኝ፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ፣ ፈረንጆች ጀምረውት የፈለገ ሁሉ የሚጨምርበት ዓይነት ነበር። እኔ የምጨምረው ኮምፒውተሩ ደጋግሞ የሚፈልገውን መረጃ በቅርብ የሚያቆይባት አንዲት ትንሽ ማከማቻ ነው፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ለስኳር ሱቅ ከመሮጥ ጓዳ ውስጥ ትንሽ ማስቀመጥ እንደማለት። ከዚያ መፈተሽ አለበት። መልሱ የታወቀ ስሌት እሰጠዋለሁ፤ ያንኑ መልስ ካላመጣ ወደቀ ማለት ነው።

ወደቀ። አማካሪዬ «እስከ ሰኞ ካልሠራ በሚቀጥለው ዓመት እንገናኛለን» አለኝና አረፈው። ሊሙ ገነት ያለችው እናቴ ደግሞ ለምረቃዬ በግ ገዝታ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታለች።

የግቢው የኮምፒውተር ክፍል ለፈተና ተብሎ ተዘጋብን። ግቢ ውስጥ የገነባሁትን ሁሉ በፍላሽ ይዤ ቦሳ አዲስ ሰፈር፣ አዴ ዘይነባ ዘንድ ሄድኩ። አዴ ማለት እትዬ ነው፤ ማመልከቻ የሚጽፉ፣ ፎቶ ኮፒ የሚያነሱ ትልቅ ሴትዮ ናቸው። ሁለት ኮምፒውተር አሏቸው። «ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ያችን ጥግ ያዛት» ብለው አንዱን ለቀቁልኝ።

በመጀመሪያው ቀን ስህተቱን ያገኘሁት መሰለኝ። አስተካክዬ ፈተሽኩት፤ ያው የተሳሳተ መልስ። በማግስቱ ሌላ ሞከርኩ፤ ያው። በመጨረሻ ተናድጄ የጻፍኩትን ክፍል እንዳለ አጠፋሁት። በሕግ አምላክ! ያጠፋሁት ነገር አሁንም ይሠራል፤ ያንኑ የተሳሳተ መልስ ይሰጠኛል። የምሬን ነው፣ ፈራሁ። ጭንቅላቴ የተነካ መሰለኝ። እናቴ ብትሰማ «ዓይን ነው» ብላ በቀጥታ ጠበል ትወስደኝ ነበር።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ተስፋ ቆረጥኩ።

«አዴ፣ ማመልከቻ ይጻፉልኝ። ምረቃዬ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፍልኝ የሚል።»

«ኧረ ማሎ፣ እባክህ! እናትህስ?»

እየተቆጡ መጻፍ ጀመሩ። ሲጨርሱ ቀኑን ልነግራቸው አፌን ስከፍት ሳቁብኝ።

«አትልፋ፣ ማሽኑ ራሱ ይጽፈዋል። መጀመሪያ የፈረንጅ ቀን ይዞ ነበር የመጣው፤ በዚያ ቀን የጻፍኩትን ማመልከቻ ቢሮዎቹ አንቀበልም እያሉ ደንበኞቼን ሲያመላልሱብኝ፣ ወላሂ፣ ሁለቱንም እኔው አስተካከልኳቸው!»

ዞሬ የራሴን ስክሪን ጥግ አየሁ። ዓመቱ 2002 ይላል። ስንት ቀን አፍጥጬበት አላየሁትም።

«ጳጉሜን ሲመጣስ?» አልኳቸው።

«ጳጉሜንማ ማሽኑ አያውቃትም። ዘግቼ ቤቴ ነኛ!»

ነገሩ ወለል ብሎ ታየኝ። ፕሮግራሙን የሚገነባው፣ ማለትም የጻፍኩትን ኮድ ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚለውጠው መሣሪያ ድካም አይወድም፤ የፋይሎቹን ቀን አይቶ ከድሮው ግንባታ በኋላ የተነካውን ፋይል ብቻ ነው እንደ አዲስ የሚገነባው። ግቢ የገነባሁት 2010 የሚል የፈረንጅ ቀን አለበት። አዴ ዘይነባ ቤት ያረምኩት ሁሉ ደግሞ 2002። መሣሪያው እርማቶቼን ስምንት ዓመት ያለፋቸው አሮጌ እያለ ዘሏቸዋል። እኔ አርማለሁ፣ እሱ የድሮውን ያስኬዳል።

የድሮውን ግንባታ ጠራርጌ አጠፋሁ። ያጠፋሁትን ክፍል ከመጀመሪያው ቀን እርማት ጋር መልሼ ጻፍኩና ሁሉንም እንደ አዲስ አስገነባሁት። ትክክለኛው መልስ መጣ። ለካ ገና የመጀመሪያው ቀን ሠርቼው ነበር! ጮኼ ተነሳሁና የአዴ ዘይነባን ጉልበት ልስም ጎንበስ አልኩ።

«ማመልከቻውስ?» አሉኝ ደንግጠው።

«ይቅደዱት!»

«ይሄን ሁሉ አስለፍተኸኝ!»

ሰኞ አማካሪዬ አየው፤ አለፍኩ። በጉም ታረደ። ጥፋቱ ከኮምፒውተራቸው ቀን መሆኑን ለአዴ ዘይነባ አልነገርኳቸውም። ምን ብዬ? ቀኑ እኮ ትክክል ነበር።

በኋላ ለዚያ ሲሙሌተር አንዲት ትንሽ ማስጠንቀቂያ ጽፌ ላክሁ፤ የፋይሎች ቀን ሲዛነፍ የምትናገር። ከፈረንጆቹ አንዱ «ኮምፒውተር እንዴት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል?» ብሎ ጠየቀኝ። «ወደ ኋላ አልቀረም፤ የአገሩን ቀን ነው የያዘው» አልኩት። የገባው አይመስለኝም፤ ማስጠንቀቂያዋን ግን ተቀበላት።

ያጠፋሁት ነገር ሲሠራ ያየሁ ጊዜ የያዘኝ ፍርሃት እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም። በአዴ ዘይነባ ግን አንድም ቀን ተናድጄ አላውቅም። ያን ማመልከቻ እሺ ብለው ባይጽፉልኝ ኖሮ፣ ሰኞን አላልፋትም ነበር።