መሬት ያልለቀቀች በረራ

በወደብ ከተማዋ አምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ እኛ መካኒኮች የአውሮፕላኗን የጋለ ፍሬን ስናቀዘቅዝ፣ ሽማግሌው ካፒቴን ክንፉ ጥላ ሥር የጎማ ታኮ ላይ ተቀምጠዋል። የሸሚዛቸው ኮሌታ ተገልብጦ የተሰፋ ነው፤ ሱሪያቸው ግን ተተኩሶ እንደ ምላጭ ይቆርጣል። የጭነት አውሮፕላኗ ለመነሳት ስትንደረደር የግራ ሞተሯ ጉልበት ስለከዳት፣ እሳቸው ራሳቸው ናቸው ያቆሟት። የመብረሪያ ፈቃዳቸው ዛሬ ያበቃል፤ ወደ ድሬዳዋ የመጨረሻ በረራቸው ይህ ነበር። ጥገናው ደግሞ ከነገ በፊት አያልቅም።

የበረራ መዝገባቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው የእስክሪብቶውን ጫፍ በመሐረብ ይጠርጋሉ።

“ካፒቴን፣ ይቺንም በረራ ይጻፏት እንጂ!” አለ ረዳታቸው። “ለመብረር ብለን ተንቀሳቅሰናል፤ ደቂቃው ይቆጠራል።”

“ጎማ ስላሽከረከርኩማ የወደቡ ሾፌሮች ሁሉ ፓይለት ናቸው በለኛ!” ሁላችንም ሳቅን። “መሬት ሳይለቁ በረራ የለም፣ ልጄ።”

መዝገቡን ሊዘጉ ሲሉ እጃቸው ቆመ። የመጨረሻው መስመር ጠዋት ከድሬዳዋ የመጡበት ነው።

“እንግዲያው የመጨረሻዬ የጠዋቱ ነበራ” አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። “ባውቅ ኖሮ መብረር የተማርኩባትን ድሬን አንዴ ከላይ ዞሬያት እመጣ ነበር።”