ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ያለው ሽቦ

የሽቦ ላስቲክ በእሳት ሲላጥ የሚወጣው ሽታ እስከ ዛሬ አባባን ያመጣብኛል። ከሥራ ሲመለስ ያ ሽታ እጁ ላይ ነበር፤ በሳሙና ቢያሸውም አይለቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የስልክ መስመር ሲጠግን ኖሯል። የስልኩን እጀታ አንስቶ ለአፍታ ካዳመጠ፣ ብልሽቱ የትኛው ምሰሶ ላይ እንዳለ ይናገር ስለ ነበር ሰፈርተኛው «ጆሮው» ይለዋል። «ሰው ይዋሻል እንጂ መስመር አይዋሽም» ማለት ይወድ ነበር።

ጡረታ በወጣ በአራተኛው ዓመት የኢንተርኔት ሳጥን ቤታችን ገባ። ያስመጣችው ታላቅ እህቴ ናት። ሁለት ዓመት ሥራ ስትፈልግ ከርማ፣ በመጨረሻ አንድ መሥሪያ ቤት በዚያ ዕለት በዘጠኝ ሰዓት በኮምፒውተር ሊያነጋግራት ቀጥሯታል። ሳጥኑ የደረሰው ግን ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ባለሙያ እንጥራ ብትል አባባ ተቆጣ።

«ከአናጢ ቤት ወንበር ለመጠገን ሰው ይጠራል?»

መነጽሩን አፍንጫው ላይ ሰክቶ ገመዶቹን ምንጣፉ ላይ ዘረጋ። ቀጭኑን የስልክ ገመድ ሰፊው ቢጫ ቀዳዳ ውስጥ ከተተው። ገባለት፤ መብራቱ ግን አልበራም።

«ግራጫው ውስጥ ነው የሚለው፣ አባባ» አለች እህቴ መመሪያውን ይዛ።

«አይቼዋለሁ» አለ፣ ሳያይ።

ወደ ግራጫው አዛወረው። መብራቱ ብልጭ ድርግም ይል ጀመር እንጂ አልረጋም። ስምንት ሰዓት ተኩል ሆነ። እህቴ በሞባይሏ ለኢንተርኔቱ ኩባንያ ደውላ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«መስመሩ ላይ ያሉት ስልኮች ሁሉ ማጣሪያ አላቸው?» አለች ሠራተኛዋ። «አንድ እንኳ ከቀረ ኢንተርኔቱ አይረጋም።»

ማጣሪያ የምትላት የክብሪት ቀፎ የምታህል ነገር ናት፤ በስልኩና በሶኬቱ መካከል ትገባለች። ከሳጥኑ ጋር የመጡት ሦስት ነበሩ፤ አባባ ሦስቱንም ሰክቷል።

«ሌላ ስልክ የላችሁም?»

አባባ በጎን ዓይኑ ቁም ሳጥኑን አየ።

«ሦስት ናቸው» አለች እማዬ፣ ሶፋው ላይ ሹራብ እየሠራች። «አቧራቸውን የምጠርገው እኔ ነኝ። አንዱማ መታጠቢያ ቤት ነው ያለው፤ የዚህ ሰውዬ ጉድ መች ያልቃል።»

እኔ ሳቅሁ። አባባ አልሳቀም። እጀታውን አንስቶ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። ብልሽቱን እንዳገኘው ከፊቱ አወቅሁ፤ ለምን እንደማይነሣ ግን አልገባኝም።

ከግድግዳችን ወዲያ አክስቴ፣ የአባባ እህት ትኖራለች። እሷና እማዬ በዚያው ግድግዳ ሰበብ፣ «አንድ ክንድ አልፈሻል»፣ «አላለፍሁም» ተባብለው፣ አሥራ አንድ ዓመት ተኳርፈዋል። አባባም ከእሷ ጋር ላይነጋገር ለእማዬ ቃል ገብቷል።

«አባባ፣ አሥር ደቂቃ ቀረኝ» አለች እህቴ። «ካልቻልክም አልቻልሁም በለኝ፤ ደውዬ ይቅርታ ልጠይቃቸው።»

አባባ ተነሥቶ ቁም ሳጥኑን በትከሻው ገፋው።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለች እማዬ።

ከጀርባው፣ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ ግድግዳው ውስጥ የሚገባ ቀጭን ሽቦ ነበር። ቀዳዳው ከነጩ ግድግዳ ጋር እንዲመሳሰል በሳሙና ተደፍኗል።

የእማዬ የሹራብ መርፌ ቆመ።

«ይሄ ወዴት ነው የሚሄደው?»

«እህቴ ዘንድ፣ ስልኳ ላይ» አለ፣ ጀርባውን እንደ ሰጣት። «ብቻዋን ናት። ብትታመም ማን ይሰማታል ብዬ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከተጣላችሁበት ሳምንት።»

እማዬ ትንሽ አሰበች። «እንግዲያ መታጠቢያ ቤት ዘግተህ ውሃ የምትከፍተው…»

አባባ ፒንሳውን ሽቦው ላይ አሳርፎ ጥቂት ቆየ፤ ከዚያ ቆረጠው። ሁላችንም መብራቱን ማየት ጀመርን። ጠፋ። ሁለቴ ብልጭ አለ። በዓይናችን የያዝነው እስኪመስለን ድረስ አፍጥጠን ስናየው፣ አረንጓዴ ሆኖ ረጋ።

እህቴ ጸጉሯን በእጇ አስተካክላ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ሦስት የማናውቃቸው ፊቶች ኮምፒውተሩ ላይ ብቅ አሉ።

«ጤና ይስጥልኝ» አለች።

ከዚያ በኋላ በዚያ ክፍል ማንም ቃል መተንፈስ አልቻለም፤ በኮምፒውተሩ ይሰማል። እህቴ ስለ ትምህርቷ ስታስረዳ እማዬና አባባ በእሷ ራስ ላይ አሻግረው ተያዩ። አባባ «ይቅርታ» ለማለት ከንፈሩን ብቻ አንቀሳቀሰ። እማዬ ክሯን ጠቀለለች፣ መርፌዎቿን ሰካችበት፣ ከማናችንም ጋር ዓይን ለዓይን ሳትገጣጠም ወጣች፤ ሌላ ቀን ስትቆጣ የምታጋጨውን በርም ድምፅ እንዳያሰማ በቀስታ ዘጋችው።