ለምንጭ ዳሯ እንቁራሪት ቤት ስሠራ

ቡሬ ውስጥ የአንድ ቤተ ሙከራ የእንስሳት ተንከባካቢ ሆኜ በገባሁበት ቀን አለቃዬ መምህር አንዷለም ባዶ የመስታወት ሣጥን ፊቴ አስቀምጠው፣ «ለእንቁራሪት ቤት ሥሪ» አሉኝ።

«ቤት ምን ያደርግላታል? ሜዳው አይበቃትም?» አልኋቸው።

«ድምጿን እስክንቀዳ እዚህ ትሰነብታለች። ምን እንደምትወድ የምትኖርበትን ሄደሽ እይ።»

ፈረስ ቤት ወደምትባለው ከተማ አካባቢ ወጣን። ምንጩ ያለው አያ ደምለው ከሚባሉ ገበሬ ማሳ ግርጌ ነው። እዚያ እንቁራሪት ከምንጭ አይወሰድም፤ እሷ ከሄደች ውሃውም ይሄዳል ይላሉ።

መምህር አንዲት እንቁራሪት እንዲያውሱን ሲለምኗቸው አያ ደምለው፣ «እህል የሚለምን አይቻለሁ፤ እንቁራሪት የሚለምን ገና ዛሬ!» ብለው ሳቁ። መምህር አንዲቷን ከድንጋይ ሥር ሲያወጡ አይተው ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ጀርባዋ ላይ ያለችውን ነጭ መስመር አይቻታለሁ። ይችኑ ትመልሻለሽ። ሌላ ብታመጭ አልቀበልም።»

«በሕይወቷ አመጣታለሁ» አልሁ። አፌ ቀደመኝ።

ከድንጋዩ ሥር እጄን ሰደድሁ። ይቀዘቅዛል፣ ይጨልማል፣ ይረጥባል እንጂ ውሃ አያቁርም። ሣጥኑንም እንዲሁ አደረግሁት፦ ታች ጠጠር፣ ከላዩ የምንጩ አፈር፣ ጥግ ላይ መደበቂያ ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ ዝቅ ያለ የውሃ ሳህን፣ አፉ ላይ መረብ። ከመስኮት አራቅሁት። የቧንቧ ውሃ መድኃኒት ስላለበት ከምንጩ በጀሪካን ያመጣሁትን ብቻ ረጨሁ። ፌንጣ እያሳደድሁ አበላኋት። ጮኸች፤ መምህርም መቅዳት ጀመሩ።

አንድ ሰኞ ስገባ አፈሩን ትታ መስታወቱ ላይ ተለጥፋለች። ብመልሳት ተመልሳ ትወጣለች። ሆዷ ቀልቷል።

«ታማ ይሆን?» አሉ መምህር።

አፈሩን በጣቴ አሸሁት። አሟለጨኝ። አመድ!

ክፍሉን የሚያጸዱትን እትዬ ጥሩዬን ጠየቅኋቸው።

«ጉንዳን ተሰልፎ ሲወጣ አገኘሁ። ቤትሽ ጉንዳን ቢገባ ምን ታደርጊ ነበር? ከውጭም ከውስጥም አመድ ነሰነስሁበታ! ይብላት ነበር?»

«እትዬ፣ ይች እኮ ውሃ የምትጠጣው በቆዳዋ ነው! አመድ ሲረጥብ ያቃጥላታል።»

«በቆዳዋ? አፏን ለምን ፈጠረላት ታዲያ?»

«ለመጮህ!»

«እንግዲህ ጮኻ አትነግረኝም ነበር?» ብለው ባልዲ ሊያመጡ ሮጡ።

በምንጩ ውሃ አጠብኋት። አፈሩን ደፍቼ ከተረፈው አዲስ ደለደልሁ። እትዬ ጥሩዬ ባዶ የድልህ ጣሳዎች አመጡ፤ ውሃ ሞላናቸውና የጠረጴዛውን እግሮች ውስጣቸው አቆምን። ጉንዳኑ መጣ፣ ጣሳውን ዞረና ተመለሰ። እሷ ግን አልበላ አለች። ነጩን መስመር ባየሁ ቁጥር አያ ደምለው ትዝ ይሉኝ ነበር። ሰንብታ ከድንጋዩ ሥር ገባች፤ ፌንጣውም ጠፋ።

ቀረጻው ሲያልቅ መለስኋት። አያ ደምለው ጎንበስ ብለው ጀርባዋን አዩ።

«ይችው ናት። ወፍራለች እንዴ?»

እሷ ዞራም አላየችን፤ ድንጋይዋ ሥር ገባች።

አዲስ ለምትቀጠሪው፦ ሣጥኑን ከመንካትሽ በፊት ምንጩን እይ። ከሠራሽው በኋላ ደግሞ ለምን እንዲያ እንደሠራሽው ክፍሉን ለሚጠርገው ሰው ንገሪ።