ጭጋግ የወሰደው ክር

ባለፈው ሳምንት ቦንጋ ገበያ፣ አሮጌ ሬዲዮ የሚጠግን ሰውዬ ጠረጴዛ ላይ የዓሣ ማጥመጃ ክር ማጠንጠኛ አየሁ። እጄ ሳያማክረኝ እጀታውን አዞረው። ጥቅ፣ ጥቅ፣ ጥቅ አለ። ጠጋኙ «ምነው፣ ምን ሆንሽ?» ቢለኝ እንደገና አዞርኩት።

በልጅነቴ ቤታችን የነበረችው ማጠንጠኛም ድምፅዋ እንዲሁ ነበር። ጎጀብ ወንዝ ወርዳ ዓሣ ታጠምድ የነበረች ፈረንጅ መምህርት አገሯ ስትገባ ማጠንጠኛዋን፣ በፖስታ ዕቃ ከሚታዘዝበት ካታሎግ ጋር ለእናቴ ትታላት ሄደች። ማጠንጠኛዋ ላይ የተቀረጸው የሠሪዋ ሳይሆን የዚያው የካታሎጉ ሱቅ ስም ነበር። እናቴ ገጾቹን ገነጣጥላ የጭቃ ግድግዳችን ላይ ለጠፈቻቸው። ዝናብ ቤት ሲያውለን «ዛሬ ምን እንዘዝ?» ትለኛለች፤ እኔም ጣቴን ጫማው ላይ፣ ብረት ድስቱ ላይ አሳርፋለሁ። አንድም ነገር አዘን አናውቅም፤ ግን ሀብታም የሆንን ይመስለኝ ነበር።

አባቴ ንብ አናቢ ነበር። ዓይኑ ቢደክምም ቀፎዎቼን አልተውም አለ። እናቴ እንዳይጠፋብን የክሩን ጫፍ መቀነቱ ላይ አሰረችና ማጠንጠኛዋን ለእኔ ሰጠችኝ። እሱ ቀፎዎቹ ወደተሰቀሉበት፣ ከቤታችን ፊት ለፊት ወዳለው ጫካ ሲገባ እኔ ደጃፍ ተቀምጬ ጥቅጥቅታውን እሰማለሁ። ሁለቴ ከሳበ «መልሺኝ» ማለቱ ነው፤ እያጠነጠንኩ አመጣዋለሁ። «እንደ ፍየል በገመድ» እያለ ያጉረመርማል።

አንድ ቀን ከሰዓት ጭጋጉ ዛፎቹን ውጦ፣ የበሰበሰ ቅጠል ሽታ ደጃፋችን ደርሶ ነበር። ክሩ ሄደ፣ ሄደ፣ ቆመ። ብዙ ቆይቶ ሁለቴ ተሳበ። ማጠንጠን ጀመርኩ፤ ከበደኝ።

«ማንን ነው የምትጎትቺው?» አለኝ አባቴ፣ ከኋላዬ።

በጓሮ በር ገብቶ ነበር። ፊቱን እሾህ ቧጭሮታል። መመራቱ አሳፍሮት ክሩን ከመቀነቱ ፈትቶ ግንድ ላይ አስሮት፣ አጥር እየዳበሰ ብቻውን መጥቶ ኖሯል።

«ታዲያ ማነው የሚስበው፣ አባዬ?»

«ጉሬዛ ይሆናላ» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ክሩን በሁለት ጣቱ ያዘው። ክሩ እንደገና ሁለቴ ተሳበ፤ ቀስ ብሎ፣ ልክ እሱ እንደሚስበው። ሳቁ ጠፋ። ፈራሁ። ቢላውን አውጥቶ ቆረጠው፤ ጫፉ ሣሩ ላይ እየተንሸራተተ ጭጋጉ ውስጥ ገባ።

«ሄደ?» አለኝ፤ እሱ አላየውማ።

«ሄደ» አልኩት።

እናቴ እስከ ዛሬ ጉሬዛ ነው ትላለች። ይሁንላት።

በማግስቱ አባቴ ቀፎዎቹን ለጎረቤታችን ሰጠ። ቁርሱን በልቶ ሲነሳ፣ ያ መመራት የሚያሳፍረው ሰው፣ እኔን ፍለጋ እጁን ዘረጋ። እጁ ሰም ሰም ይሸት ነበር። እስኪሞት ድረስ እጁን ይዤ መራሁት፤ ወደ ጫካው ውሰጂኝ ብሎኝ ግን አያውቅም።