ማኅተሙን አይቼ

ልደታ፣ ከፍርድ ቤቱ አጠገብ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ለባለጉዳዮች አቤቱታ እጽፋለሁ። ኮምፒውተር ያስተማረኝ የለም፤ ራሴ እየነካካሁ ነው የለመድኩት። ልጆቼንም ያሳደግኩት "ማኅተም የሌለውን ወረቀት አትመኑ" እያልኩ ነው።

አንድ ጠዋት የደንበኛዬን ጉዳይ የሚመለከት ነው የሚል ኢሜይል መጣልኝ። ስከፍተው ክቡ ማኅተም፣ ቁጥሩ፣ ቀኑ፣ ፊርማው ሁሉ በቦታው ነው። ሙሉውን ለማንበብ የኢሜይልዎን የይለፍ ቃል ያስገቡ ይላል። አስገባሁ። ምንም አልተከፈተም።

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ልጄ ከመሥሪያ ቤቷ ደወለች።

"አባዬ፣ ምን ዓይነት ደብዳቤ ነው የላኩልኝ?"

"ምንም አልላክሁም።"

"በስምዎ መጥቷል እኮ። የይለፍ ቃል ይጠይቃል።" የጠዋቱን ኢሜይል ስነግራት ገባት። "አስገቡ እንዴ?"

"ማኅተም ነበረው።"

"ማኅተምማ ማንም በስልኩ ይለጥፋል! የላኪውን አድራሻስ አዩት?"

አላየሁትም። ዕድሜዬን ሙሉ ደብዳቤ የምመረምረው ከግርጌው፣ ማኅተሙ ካለበት ነው።

እዚያው በስልክ እየመራች የይለፍ ቃሌን አስቀየረችኝ። ደብዳቤው ግን በስሜ ለደንበኞቼ ሁሉ ሄዷል። ዝም ልበል ብዬ አስቤ ነበር፤ አልዋሽም። መታለል ያጋጥማል፤ ሌላው እንዳይታለል አለመናገር ግን ነውር ነው። ለእያንዳንዱ እየደወልኩ "እንዳትከፍቱት" አልኩ። ስልክ ያላነሱት አንድ ጡረተኛ መምህር ብቻ ናቸው። የቤት ክርክራቸው ሰነድ በሙሉ ያለው ኢሜይላቸው ውስጥ ነው። ክፍሌን ቆልፌ ወደሚኖሩበት ኮንዶሚኒየም ሄድኩ፤ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ።

በሩን ሲከፍቱ መነጽራቸውን እንዳደረጉ ነው።

"ደብዳቤዎ አልከፈት ብሎኝ ስታገል መጡ። የይለፍ ቃሌን ሁለቴ አስገባሁለት!"

"ከእኔ አይደለም። እኔም ተታልዬ ነው።"

"እርስዎ? ዘመኑ የኮምፒውተር ነው፣ ይማሩ ሲሉኝ የከረሙት?" ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

አጠገባቸው ተቀምጬ ልጄ እንዳሳየችኝ የእሳቸውንም ቀየርን። ሰነዶቹ አልጠፉም። በመሃል ማን አይቷቸው እንደሆነ ግን አላውቅም፤ አላውቅም ብዬም ነገርኳቸው።

ስወጣ በሩ ላይ፣ "ከእርስዎ ስለመጣ ነው ሳላመነታ የከፈትኩት" አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ከማኅተሙ በፊት የላኪውን አድራሻ አያለሁ፤ ከተጠራጠርኩ በማውቀው ቁጥር ደውዬ እጠይቃለሁ። መምህሩ ግን ከእኔ በኢሜይል የሚመጣ ነገር አይከፍቱም። ወረቀታቸውን አትሜ፣ ይዤላቸው አራተኛ ፎቅ እወጣለሁ።