አጎቴ የመረጠልኝ ላፕቶፕ

የእናቴ ታናሽ ወንድም ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። ሱቁ ከደረጃ ሥር የተወሸቀች፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት ጠባብ ክፍል ናት። ሞተ የተባለ ማሽን በእጁ ስለሚነሣ ሰፈርተኛው «ሐኪሙ» ይለዋል፤ እኔ ጋሼ እለዋለሁ። ልጅ ሳለ ፊዚክስ ነፍሱ ነበር አሉ፤ አያቴ ሲሞቱ ግን ከአሥረኛ ክፍል ወጥቶ ሥራ ገባ።

ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ሲደርሰኝ ከእኔ በላይ የፈነደቀው እሱ ነው። ላፕቶፑን የምመርጥላት እኔ ነኝ ብሎ ለእናቴ አስታወቀ።

እኔ ደግሞ የምፈልገውን አውቅ ነበር። እዚያው የምትማር የሰፈራችን ልጅ ነግራኛለች፤ ከባዱ ስሌት በትምህርት ክፍሉ ማሽኖች ይሠራል፣ ላብ ውስጥ ሶኬት እንደ ልብ አይገኝም፣ ቀኑን ሙሉ ከሕንፃ ሕንፃ መዞር ነው። ቀላልና ባትሪው የሚቆይ ይሁን አለችኝ። ይህንኑ ልነግረው ሱቁ ድረስ ሄድኩ። ገና አፌን ሳልከፍት፣ «ፊዚክስ ቀልድ አይደለም ልጄ፤ ጉልበት ያለው ነው የሚያስፈልግሽ» አለኝ። ፊቱ በርቶ ሳየው እሺ ብዬ ወጣሁ።

ሦስት ሳምንት ሲዞር ሰንብቶ ለጌም የተሠራ ግዙፍ ማሽን ይዞ መጣ። ቻርጀሩ ብቻ ጡብ ያህላል። እናቴ ላፕቶፕ ነው ወይስ ሻንጣ ብላ ሳቀች። እኔ ግን «በጣም ያምራል ጋሼ» አልኩ።

ላብ ውስጥ አንድ ሰዓት ሳይሞላው ባትሪው ያልቃል፤ ማራገቢያው ሲጮህ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። በሁለተኛው ሳምንት ዶርም ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ጋሼ በደወለ ቁጥር ግን ምንም አይወጣለትም እለዋለሁ። እሱም አምኖ ለደንበኞቹ ሁሉ ያወራል። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔው ውሎ አድሮ ነቀዘ።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል አንድ ቀን ሳይነግረኝ መጣ። ካቻቢቴዎቹን በጨርቅ ጠቅልሎ ይዟል፤ የማሽኑን አቧራ ሊያጸዳልኝ ነው። አውርጄ ሰጠሁት። ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ የታችኛውን ክዳን ከፈተ፤ ጎንበስ ብሎ ማራገቢያውን አየ። አንዲት ቅንጣት አቧራ አልነበረበትም።

«አልሠራሽበትም» አለ ቀስ ብሎ።

እየተንተባተብኩ ክብደቱን፣ ባትሪውን፣ ሶኬቱን ሁሉ ነገርኩት። ክዳኑን መልሶ ገጠመና ብሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቀ።

«ይህንን ያኔ ብትነግሪኝ እኮ በአንድ ቀን አገኝልሽ ነበር። የማልሰማ ሰው መስዬሽ ነው?»

ማሽኑን ይዞት ሄደ።

በሳምንቱ ማሽኑን ለውጦ አንድ ቀላል ላፕቶፕ በአውቶቡስ ላከልኝ። ልክ የተመኘሁት ዓይነት ነበር፤ ተመረቅኩበት። የምረቃዬ ቀን መጥቶ ስሞኛል፣ ፎቶም ተነሥተናል። ከዚያ ወዲህ ግን ምክር ስጠይቀው «አንቺ ታውቂያለሽ» ነው መልሱ፤ ድምፁ ላይ ቅያሜ እንኳ የለም። ባለፈው ወር ለሥራ የሚሆን ኮምፒውተር ምረጥልኝ ብዬ ደወልኩ። ደንበኛ መጣብኝ ብሎ ዘጋው። ብቻዬን ሄጄ ገዛሁ።