በኖራ የተሰመረ ቤት

ግንበኛውን የሰፈሩ ሰው «ጋሽ ኖራ» እያለ ነበር የሚጠራቸው። አርባ ዓመት ሙሉ ቤት ሲሠሩ፣ መሠረት ከመቆፈሩ በፊት ክፍሎቹን በሙሉ በባዶው መሬት ላይ በኖራ ያሰምሩና ባለቤቶቹን ከጧት እስከ ማታ እዚያው ያውሏቸዋል። ወንበር ያስመጣሉ፤ ድስት ያስመጣሉ። ሚስት ትሪ ይዛ ከወጥ ቤት ወደ ሳሎን እንድትመላለስ፣ ባል አልጋው በሚገባበት ቦታ ጋደም እንዲል ያዝዛሉ። የኖራውን ግድግዳ ረግጦ ያለፈ ሰው እንደሆነ «በበር ግባ እንጂ! ሌባ ነህ እንዴ?» ብለው ይጮኹበታል። አላፊ አግዳሚው ሲስቅ እሳቸው ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው ጥላው የት እንደሚያርፍ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ይመለከታሉ። «ኖራውን በጫማዬ አጠፋዋለሁ፤ ግንቡን በምን ላጥፋው?» ይሉ ነበር።

ሥራ ካቆሙ ሦስት ዓመት፣ ባለቤታቸው ከሞቱ ደግሞ አምስት ዓመት ሆኗል። አንድ ልጃቸው ነርስ ናት፤ እሷም በተራዋ ቤት ልትሠራ ተነሣች። ነዳፊ የሠራላትን ፕላን ይዛ መጥታ ጠረጴዛው ላይ ስትዘረጋላቸው፣ መነጽራቸውን አድርገው ገና ከማየታቸው ፊታቸው ተለወጠ። ሳሎኑ ወደ መንገዱ፣ ወደ ምዕራብ ዞሯል፤ ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር መስታወት ነው።

«ልጄ፣ ይኼ ሳሎን አይደለም፤ ምድጃ ነው። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ማን ይቀመጥበታል? ወደ ጓሮ አዙሪው።»

«አባዬ ደግሞ! መጋረጃ የሚባል ነገር አለ እኮ።»

«መስታወቱ አንዴ ከጋለ መጋረጃው ምን ይፈጥራል?»

ሳምንቱን ሙሉ ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ ልጅቱ «እሺ፣ ቅዳሜ ኖራህን አስምር። ማታ ላይ ግን የምወስነው እኔ ነኝ፤ ሰኞ ቆፋሪዎቹ ይገባሉ» አለች። ጋሽ ኖራ በሆዳቸው ሳቁ። ፀሐይዋ ለእሳቸው ትመሰክርላቸዋለች፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃቸዋል።

ቅዳሜ ጧት ሾፌሩ አማቻቸው ገና በሌለው በር ላይ ቆሞ «ቤቶች!» እያለ ሲያስቃቸው አረፈደ። መኝታ ክፍሉ ውስጥ ተዘርግቶ ተኛና «አባባ፣ እግሬ ጎረቤት ገባብዎ!» ቢላቸው፣ ክፍሉን በሁለት ስንዝር አሰፉለት። የወጥ ቤቱ በር ከመታጠቢያ ቤቱ በር ጋር እንደሚጋጭም ታየና ወደ ግራ ተዛወረ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ፀሐይዋ ከመንገዱ በኩል ፊት ለፊት ሳሎኑን ሞላችው። አማቻቸው ጋዜጣ ጭንቅላቱ ላይ ደፋ፤ ትንሽ ቆይቶ ወንበሩን አንሥቶ የዛፍ ጥላ ወዳረፈበት ጓዳ ሸሸ። «ይኸው!» አሉ ጋሽ ኖራ በልባቸው። ልጅቱ ግን ከመስኮቱ ቦታ ንቅንቅ አላለችም። ላቧ በጉንጯ እየወረደ መንገዱን ታያለች። ከመንገዱ ማዶ የሚሠራ ብስክሌት ጠጋኝ በሩቁ እጁን አነሣላት፤ እሷም ሳቀችለት።

«ተነሺ እንጂ፤ ማንን ልታሸንፊ ነው?»

«ማንንም። አባዬ፣ የእኛ ቤት በጣም ቀዝቃዛ ነበር፣ አይደል?»

ሽማግሌው ደረታቸው ነፋ አለ። ያንን ቤት የሠሩት ለሙሽራ ሚስታቸው ነበር። የድንጋይ መሠረቱ እስከ ጉልበት ከፍ ያለ፣ የጭቃ ግድግዳው ክንድ የሚሞላ፣ መስኮቶቹ በሙሉ ወደ ጓሮ ጥላ የዞሩ፤ በየቤቱ ቆርቆሮው ሲግል ጎረቤት ሁሉ እየመጣ ሙቀቱን ያበርድበት ነበር።

«እንደሱ ያለ ቤት ዛሬ የት አለ!» አሉ።

«ግን መንገድ አይታይም ነበር። እማዬ ከሰዓት በኋላ አጥሩ ሥር ባልዲ ገልብጣ ላዩ ላይ የምትቆመው ለምን ይመስልሃል?»

«ልብስ ልታሰጣ ነዋ።»

«ገመዱ በዚያ በኩል ነበር እንዴ? መንገድ ልታይ ነው። እኔንም ታነሣኛለች። ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ ማን አዲስ ጫማ እንደገዛ ሁሉን ከዚያ ነው የምናውቀው። አንተን ከሩቅ ስናይህ ዱብ እንልና ባልዲውን እናቀናዋለን።»

«ታዲያ ምነው አንድ ቀን እንኳ ብትነግረኝ?»

«እንግዳ በመጣ ቁጥር ስለ ቅዝቃዜው ስታወራ ምን ብላ ትንገርህ?»

ጋሽ ኖራ አንድ ነገር ትዝ አላቸው። አጥሩ ሥር የባልዲ አፍ የምታህል አንዲት ክብ ጎድጓዳ ነበረች፤ የዝናብ ውኃ የሠራት መስሏቸው ሁለት ጊዜ በአፈር ደፍነዋታል። ያ ቤት ሲጀመር ኖራ አላሰመሩም ነበር። ለባዕድ ሁሉ ሲያሰምሩ የኖሩ ሰው፣ «ለራሴ ቤት ደግሞ ምን ያስለካኛል?» ብለው በቀጥታ ነበር የቆፈሩት። ሙሽራዪቱን «ወዴት ማየት ትወጃለሽ?» ብሎ የጠየቃት አልነበረም።

ተነሡና አንድ ዱላ ከመስኮቱ ቦታ ላይ አቆሙ። ጥላውን ተከትለው በእርምጃ ለኩ። ከዚያ ኖራውን በእጃቸው ዘግነው ከሳሎኑ ፊት ያለውን የበረንዳ መስመር ሁለት እርምጃ ወደ መንገዱ ገፉት።

«ጣራው እስከዚህ ድረስ ይውጣ። ፀሐይዋ ዝቅ ስትል በበረንዳው ሥር ሾልካ ትገባለችና መስኮቱ ከውጭ የእንጨት መዝጊያ ይኑረው፤ ሙቀቱ መስታወቱ ዘንድ ሳይደርስ ይመለሳል። ከመስኮቱ ሥር ግንቡን ወፍራም አድርጊው፣ ሰው እንዲቀመጥበት።»

«መስኮቱ ወደ መንገድ ይሁን ነው የምትለኝ?» አለች ልጅቱ፣ ማመን አቅቷት።

«ወዴት ሊሆን ኖሯል?»

ወንበር ስበው ከአጠገቧ ተቀመጡ። ፀሐይዋ ዓይናቸውን ወጋቻቸው፤ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ወደ መንገዱ አዩ። አንዲት ሴት ሁለት ዘንቢል ተሸክማ፣ ከኋላዋ የሚጠራትን ሰው ላለመስማት እየተጣደፈች ታልፋለች።

«ያቺ ደግሞ ማን ናት?» አሉ ቀስ ብለው። «ከማን ጋር ነው የተኳረፈችው?»